በሩ ቢዘጋም አንበሳው ይበላል

ሲኒማ ቤት ሲዘጋ ወንበሩ ምግብ አይጠይቅም። ሱቅ ሲዘጋ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የእንስሳት ማቆያ ግን በሩን ዘጋ ማለት ወጪውን ዘጋ ማለት አይደለም። ሥጋው ይገዛል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ሐኪሙ ይመጣል፣ ተንከባካቢው ደመወዙን ይፈልጋል። የሚቆመው ገቢው ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ በኮሮና ጊዜ ዓለም ሁሉ አየው። እኛም አየነው፤ ግን ምንም አልተማርንበትም ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በሰሜን ጀርመን የኖይሙንስተር የእንስሳት ማቆያ ዳይሬክተር የሆኑት ቬሬና ካስፓሪ አገር ያስደነገጠ ነገር ተናገሩ። ገንዘብ ካለቀ መጀመሪያ የሚታረዱት እንስሳት ዝርዝር ተዘጋጅቷል፣ አንዳንዶቹም ለሌሎቹ መኖ ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። ቪተስ የተባለው ግዙፍ የዋልታ ድብ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነበር። ማቆያው የማኅበር ንብረት ስለሆነ ያኔ ከከተማው ድጎማ አያገኝም ነበር፤ የሚኖረው በመግቢያ ትኬት ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው በአውሮፓ ባለጸጋ አገር ውስጥ ነው።

እኛ ዘንድማ ወረርሽኝም አላስፈለገም። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። የግቢው ኃላፊዎች ራሳቸው ለውጭ ጋዜጠኞች እንደተናገሩት ገንዘብና ቦታ በመጥፋቱ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳውን ሞልተው ለጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች ይሰጥ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፣ ጎብኚም ይገባ ነበር። ግን በጥቂት ብር ትኬት አንበሳ አይመገብም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የውጭ ተመራማሪዎች የግቢውን 15 አንበሶች ዘረመል መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩ መሆናቸውን ይፋ አደረጉ። በመርዝ የገደልነው ምን እንደነበረ ያወቅነው ከገደልን በኋላ ነው።

እንግዲህ «የትኬቱን ዋጋ ጨምሩ» የሚሉን ሰዎች መልስ የሚሰጡት ለየትኛው ጥያቄ ነው? በሩ ሲዘጋ አምስት ብርም አምስት መቶ ብርም ያው ዜሮ ነው። ዋጋው ሲወደድ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ነገ ለአንበሳው የሚከራከር ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን የተረፉት ከትኬት ሌላ ገመድ የነበራቸው ናቸው። የእንግሊዙ ቼስተር ማቆያ አብዛኛውን ገቢውን ከጎብኚ የሚያገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ተዘጋ። በጁን መጀመሪያ «ልንጠፋ ነው» ብሎ ሲጮህ ሕዝቡ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ አዋጣለት፤ መንግሥትም በዚያው ወር በሩን እንዲከፍት ፈቀደ። ይህ በአንድ ቀን የመጣ ፍቅር አይደለም። አባልነት የገዛ፣ በስሙ እንስሳ «በጉዲፈቻ» የያዘ፣ ልጁን በየዓመቱ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ስለነበረ ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የዩክሬኗ ሚኮላይቭ ነው። በ2022 ከተማዋ በሩሲያ ጦር ስትደበደብ ማቆያው ጎብኚ አልነበረውም። ከዓለም ዙሪያ ሰዎች በኢንተርኔት ትኬት ገዙ። መቼም የማይገቡበትን ትኬት! የከፈሉት እንስሳ ለማየት አልነበረም፤ እንስሳው እንዲበላ ነው።

ካሜራውስ? ካሜራ መልካም ነው። የአሜሪካው ሲንሲናቲ በተዘጋ ማግስት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በፌስቡክ በቀጥታ እየቀረበ፣ ፊዮና የተባለች ጉማሬውን የቤተሰብ አባል አደረጋት። በቶኪዮ የሱሚዳ አኳሪየም ደግሞ ሰው ማየት የለመዱት ትንንሽ ዓሦች ሰው ሲጠፋ አፍረው አሸዋ ውስጥ መደበቅ ጀመሩ፤ ተንከባካቢው በሽታ ይኑራቸው ጤና ማወቅ አቃተው። ስለዚህ ሕዝቡ በቪዲዮ እየደወለ ፊቱን እንዲያሳያቸው ተጠየቀ። (ሳቁ፤ ግን ሥራ ነበር።) ሆኖም «ላይክ» ሥጋ አይገዛም። ከቪዲዮው ሥር መክፈያ ከሌለ ትርኢት ብቻ ነው።

«መንግሥት ይድጎም» የሚለውም ብቻውን አያዋጣም። የእንግሊዝ መንግሥት ለማቆያዎች 100 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ነበር፤ እርዳታው ግን ካዝናው ሊራቆት ጥቂት ሳምንት ለቀረው ብቻ ሆነና አብዛኛው ገንዘብ ሳይወጣ ቀረ። እስኪሞት ጠብቆ መድኃኒት ማቅረብ ማለት ይህ ነው።

«ሰው እየተራበ ስለ አንበሳ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንበሳው ግን ወደ ስድስት ኪሎ በራሱ እግር አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ግቢው ሲከፈት ያመጣነው እኛ ነን። ሳንቲማችን ላይ ቀርጸነዋል፣ አውቶቡሳችንን፣ ቢራችንን፣ ጫማችንን በስሙ ጠርተናል። በአጥር ውስጥ የተወለደን አንበሳ «ሂድ አድነህ ብላ» ብሎ ጫካ መልቀቅም አይቻልም። ወይ እንመግበዋለን ወይ እንገድለዋለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንበሶቹ የትኛውም ግቢ ይኑሩ፣ እያንዳንዱ ስሙ፣ ዕድሜውና የወር ወጪው ይውጣ። በቴሌብር አንድ ሰው ሃምሳ ብር፣ አንድ ክፍል ተማሪ ተሰብስቦ አንድ ቀን ቀለብ መክፈል ይቻል። ዋሽንግተንና ዱባይ ያለው ወገን በካርድ የሚከፍልበት በር ይከፈትለት፤ የአንበሳ ሥዕል ያለበትን ባንዲራ ይዞ አደባባይ የሚወጣ ሰው ለእውነተኛው አንበሳ አንድ ኪሎ ሥጋ አይነፍግም። ተንከባካቢው በሳምንት አንዴ ቴሌግራም ላይ ሁለት ደቂቃ ይናገር፤ ያንን ግሳት ከዩኒቨርሲቲው ዶርም ሆኖ በሌሊት የሰማ ትውልድ ያዳምጠዋል። ከሚሰበሰበውም በሩ ቢዘጋ ስድስት ወር የሚያቆይ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ገቢና ወጪው በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም ይታይ፤ ያለዚህ አንድ ሳንቲም እንኳ እንዲሰጥ ማንንም አልመክርም።