መለካትም ሥራ ነው

አሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ስንገባ ቦርሳችንን እናስፈትሻለን። ኮምፒውተርም በረኛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኬሙ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ «ቬኖም» የሚሉት ስህተት ተገኘ። የፍሎፒ ዲስክን መሣሪያ አስመስሎ የሚሠራው ክፍል 512 ባይት የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለው፤ በአንዳንድ ትእዛዞች ላይ ግን የሚገባውን አይለካም ነበር። እንስራ ሞልቶ እንደሚፈስ፣ ትርፉ ወደ ጎረቤቱ ቦታ ይፈሳል፤ ሌባም በዚያ መንገድ ሊገባ ይችላል። ስህተቱ ከ2004 ጀምሮ ሳይታወቅ ቆይቷል። መድኃኒቱ ከመጨመር በፊት መለካት ነበር።

ወላጆች፣ ልጃችን «ኮድ እፈትሻለሁ» ሲለን «ይሄም ሥራ ነው?» አንበለው። ሥራ ነው፤ ትምህርቱም ጊዜ ይጠይቃል። ዛሬውኑ ደመወዝ አምጣ ብለን አናጣድፈው። እኛም ስልካችን «አድሰኝ» ሲለን ችላ አንበል፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚደፈነው በዚያ ነው።