ኮምፒውተሩን ከመክፈታችን በፊት

ዛሬ አንድ የቼዝ ጨዋታ እንዳበቃ ተጫዋቹ፣ አሸናፊም ይሁን ተሸናፊ፣ በቅድሚያ የሚያደርገው ኮምፒውተሩን ማማከር ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የትኛው እርምጃ ስሕተት እንደነበረ በቁጥር ይነገረዋል። ምክንያቱን ግን ቁጥሩ አይነግረውም። ስለዚህ ትንተናው አስቀድሞ በራስ አእምሮ፣ በወረቀትና በእርሳስ መሠራት አለበት እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1962 በቡልጋሪያዋ ቫርና ከተማ በተካሄደው የቼዝ ኦሎምፒያድ የዓለም ሻምፒዮኑ ሚኻይል ቦትቪኒክና ወጣቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር ተገናኙ። ጨዋታው ሳያልቅ ለማግሥቱ ሲተላለፍ ፊሸር በአንድ ወታደር ይበልጥ ነበር። ሶቪየቶቹ ሌሊቱን በትንተና አሳለፉ፤ የማምለጫውን ሐሳብ ያገኘውም የፊም ጌለር ነበር። ጨዋታው በአቻ ውጤት ተፈጸመ፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው መጽሐፉ ማሸነፍ ይችል እንደነበር ተከራከረ፤ ቦትቪኒክም መልስ ሰጠ። ከዓመታት በኋላ የቦትቪኒክ ተማሪ የነበረው ታዳጊው ጋሪ ካስፓሮቭ ለነጩ አቻ የሚያስገኝ መንገድ አሳየ። አንድ አቋም ለዓመታት መምህር ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ባለቀ፣ ካስፓሮቭም የሚፈልገው ነገር ባጣ ነበር።

በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ቦትቪኒክ ተጫዋች ትንተናውን አሳትሞ ለሌሎች ትችት እንዲያቀርብ ይመክር ነበር፤ የሣይንስ ሰዎች ይህን አሠራር በሚገባ ያውቁታል። (ይኸው ሰው በኋላ ዘመኑ ቼዝ የሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመሥራት ብዙ መድከሙን ልብ ይሏል!)

አንዳንዶች ይህ አቋም የሒሳብ ማስያ መሣሪያን እንደመቃወም ነው ይሉ ይሆናል። አይደለም። ማባዛት የገባው ተማሪ በማስያው ጊዜ ይቆጥባል፤ አቋም መመዘን ያልቻለ ተጫዋች ግን በኮምፒውተሩ የሚያተርፈው ጊዜ የመማሪያ ጊዜውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ካስፓሮቭን የረታው ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን ይመረምር ነበር። ሰው በዚህ መንገድ አያስብም። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሮት እ.ኤ.አ. በ1946 ባቀረበው ጥናት እንዳመለከተው፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ከሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾች እምብዛም አርቀው አያሰሉም፤ ይልቁንም ተገቢውን እርምጃ ቶሎ ያያሉ። ይህ ዓይን የሚገኘው ደግሞ በራስ ድካም ነው።

እንግዲህ ተማሪው ከተሸነፈበት ጨዋታ አንድ አቋም ይምረጥ፤ ጠጠሮቹን ሳይነካ ግማሽ ሰዓት ያስብ። ያየውን ሁሉ፣ ማን እንደሚበልጥና ለምን እንደሚበልጥ ጭምር፣ በቃላት ይጻፍ። ወረቀቱን በማግሥቱ ለጓደኛው ያሳይ፤ ይከራከሩበት። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም መፈተሽ ያለበት ኮምፒውተሩ ያየው እርምጃ ከወረቀቱ ላይ ለምን እንደጠፋ ነው።