ከድልድዩ በታች ያለው መሬት የማን ነው?



አዲስ አበባ ላይ ድልድይ ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው ከላይ ነው። ባለሥልጣኑ ከላይ ቆሞ ይናገራል፣ ካሜራው ከላይ ያነሳል፣ መኪናው ከላይ ያልፋል። ከታች ስላለው መሬት በዚያን ዕለት የሚናገር የለም፤ በማግስቱም የሚጠይቅ የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መሬት ነው። «የኑሮ ውድነቱ፣ የሰላሙ ጉዳይ እያለ ስለ ድልድይ ሥር ይወራል ወይ?» የሚሉን አይጠፉም። ስለ ኑሮውም ስለ ሰላሙም ፓርቲያችን በሌሎች ክፍሎች አቋሙን አስቀምጧል። ነገር ግን አገዛዙ ዜጋውን በምን ዓይን እንደሚያይ ማወቅ የፈለገ ሰው የፓርላማ ቃለ ጉባኤ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ከስታዲየም እስከ ልደታ በባቡሩ ድልድይ ሥር በእግሩ ይሂድ፤ ከዚያም ቀለበት መንገዱን የሚሻገሩትን ድልድዮች ሥር ሥራቸውን ይመልከት። መልሱን ያገኘዋል።

እውነታው በአጭሩ ይህ ነው። ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በቻይና ኩባንያ ተሠራ። ከዚያ የጎተራ ማሳለጫ መጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ድልድይ ተጋርተው ከሰው አናት በላይ ይሄዳሉ። ባቡሩ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድሩን የሚከፍለው ማን ነው? ባቡሩን ተሳፍራበት የማታውቀው እናት በምትገዛው ሳሙና ላይ በተጣለው ግብር ትከፍላለች። ስለዚህ ከድልድዩ በላይ ያለው የእርሷ ገንዘብ ከሆነ ከድልድዩ በታች ያለው የማንም አይደለም ሊባል አይችልም።

«ማሳለጫ» የሚለውን ስም እስቲ እንመርምረው። ማሳለጥ ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ማን ነው የሚያልፈው? በአዲስ አበባ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእግር ጉዞ ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው መካከልም የሚበዛው እግረኛ ነው። ለጥቂቱ የተሳለጠው መንገድ ለብዙኃኑ ግንብ ሆኖበታል። ቀለበት መንገዱ ሰፈርን ከሰፈር፣ ተማሪን ከትምህርት ቤቱ፣ ጉልት ቸርቻሪዋን ከደንበኞቿ ለያይቷል። መሻገሪያው ሲርቅበት የመሀሉን አጥር እየዘለለ ስንቱ በአስፋልቱ ላይ እንደቀረ የየሰፈሩ ሰው ያውቃል። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ከድልድዩ ሥር ማን አለ? ጠዋት በ12 ሰዓት የቀን ሥራ የሚጠብቅ ወጣት አለ። ሊስትሮው ሳጥኑን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ቆሎና ሙዝ የምትሸጠው፣ ካልሲና የስልክ ቻርጀር በትከሻው የተሸከመው ጀብሎ፣ ወረፋ የሚያስይዘው ተራ አስከባሪ፣ ማታ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ጎዳና ተዳዳሪ፣ ሁሉም አሉ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ሹሙም ሻጩም፣ ተማሪውም ነፍሰ ጡሯም የሚሮጡት ወደዚያው ነው። ጣሪያ ነዋ! መንግሥት አስቦበት ባይሆንም የከተማይቱን ትልቁን የሕዝብ ጣሪያ ሠርቷል። ወጪው ተከፍሏል፣ ምሰሶው ቆሟል፣ ክዳኑ አያፈስም። ከዚህ ወዲያ የሚጎድለው ጥቂት ነገር ነው፤ ያችን ጥቂት ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ማግኘት አልተቻለም።

ምን እንደሚጎድል እንናገር። በብዙ ቦታ ከድልድዩ ወለል የሚወርደው የዝናብ ውሃ በቧንቧ ወደ ፍሳሽ መስመር ከመግባት ይልቅ እግረኛው በሚሄድበት መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ ስለዚህ ከላይ ጣሪያ እያለ ከታች ጭቃ ነው። መብራት ያለው ከላይ ለመኪናው ነው፤ ከታች አምሽታ ከሥራ የምትመለስ ሴት በስልኳ ብርሃን ትሻገራለች። ሽንት ቤት የለም። ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ ራሱ ሽንት ቤት ይሆናል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያው አገዛዝ «ሕዝቡ ሥልጣኔ የለውም» ይለናል። ለሕዝቡ ቧንቧና በር ያለው ሽንት ቤት ሰጥቶ፣ ሕዝቡ እምቢ ብሎ ሜዳ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ወቀሳ በተገባ ነበር።

ማን ይጠየቅ ቢባልስ? ነዋሪው ወደ ወረዳ ሲሄድ «የመንገዶች ባለሥልጣን ነው» ይባላል። ባለሥልጣኑ ዘንድ ሲደርስ «ከላይ ያለው እንጂ ከታች ያለው የክፍለ ከተማው ነው» ይባላል። ክፍለ ከተማው ወደ ባቡሩ ድርጅት ይመራዋል፤ የባቡሩ ድርጅት የሚጠብቀው ሐዲዱን ነው። አቤቱታው እንደ ውሃ ወቀጣ ይሆናል። ባለቤት የሚገኘው ቦታው ለማባረር ሲፈለግ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደንብ አስከባሪው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርሳል፣ የጉልቷን ሽንኩርት ይበትናል፣ የጀብሎውን ዕቃ ያለ ደረሰኝ ጭኖ ይሄዳል። እንግዳ በሚመጣበት ሰሞን ደግሞ አፈሳው አለ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ «ችላ ተብሎ ነበር የምትሉት አሁን እየተሠራ ነው» ይሉናል። ሐቁን አንክድም። የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ወጥቷል፣ መብራት የተተከለባቸው ቦታዎች አሉ። ያማረውን አምሯል እንላለን፤ ተቃዋሚ መሆን ዓይንን መጨፈን አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ማን ተጠየቀ? ፒያሳ ሲፈርስ ነዋሪው በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ወጣ? ከመኪና መስኮት ሲታይ የሚያምር ምሰሶ፣ በቀለምና በመብራት ያሸበረቀ፣ ሥሩ ግን ሰው እንዳይቀመጥበት በድንጋይና በአበባ ሳጥን የተሞላ ቦታ ልማት ነው ብለን አንቀበልም። ዝናብ በማይደርስበት ጥላ ሥር በቦቴ ውሃ እያጠጡ ሣር ማብቀል፣ ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ሕዝብ ፊት ምን ይባላል? ቆሻሻው ቦታ ሕዝቡን ችላ ብሎት ነበር፤ የተዋበው ቦታ ደግሞ አባረረው። ሁለቱም ያላዩት ሰው አንድ ነው።

ጸሐፊው ሕግ ያጠና ነውና አንቀጽ ሳይጠቅስ ማለፍ አይሆንለትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አገዛዙ ይህን አንቀጽ የሚያስታውሰው መሬት ሲወስድ ነው፤ «የሕዝብ» የሚለውን ቃል ግን ይዘለዋል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉትን ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው የተነካባቸውን ሁሉ ይመለከታል፤ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም አማራጭ ማካካሻ ይገባቸዋል። ልብ በሉ፣ «ካርታ ያለው» አይልም። ኑሮው የተነካበት ይላል። አሥር ዓመት አንድ ምሰሶ ሥር ቡና ያፈላች ሴት ኑሮዋ ያ ነው። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅም ሲወጣ የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን መርሆው አድርጎ ነበር። አዳራሽ ሰብስቦ ያለቀ ሥዕል ማሳየትና ማስጨብጨብ በየትኛውም የሕግ ትርጓሜ ምክክር አይሆንም።

ባለሙያዎች የሚያነሱት አንድ ከባድ ክርክር አለ፤ እሱን በአክብሮት እንመልሳለን። «ድልድይ ሥር ሰው ከተሰበሰበ ለድልድዩም ለሰውም አደጋ ነው» ይላሉ። እሳት ኮንክሪትንና በውስጡ ያለውን ብረት እንደሚጎዳ እውነት ነው። ግን እስካሁን በዓለም የታየው ምን ይነግረናል? እ.ኤ.አ. በ2017 አትላንታ ውስጥ ኢንተርስቴት 85 የተባለው አውራ ጎዳና ድልድይ በእሳት የፈረሰው ሥሩ ተከማችቶ በነበረ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በሎስ አንጀለስ ኢንተርስቴት 10 በእሳት ተጎድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ ሥሩ ያለው መሬት መንግሥት ለግል ኩባንያ ያከራየው ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ ያለ ፈቃድ ለሌሎች አከራይቶት የእንጨት ፓሌትና ሌላም የሚቀጣጠል ዕቃ ተከምሮበት ነበር። አደጋው ያለው ዓይን በሌለበት መጋዘን፣ በድብቅ በተከራየ መሬትና ተቆጣጣሪ በጠፋበት ቦታ ነው። ሰው የሚውልበት፣ መብራት ያለው፣ ባለቤቱ የሚታወቅ ቦታ ከዚያ ይሻላል። ከሰል እንዳይቀጣጠል ከተፈለገ ለቡና አፍዪዋ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት ነው። የምሰሶው ዙሪያ ለፍተሻ ክፍት ይሁን፣ ነዳጅ፣ ጎማና ፕላስቲክ አይከማች። በዚህ ከመሐንዲሶቹ ጋር ጠብ የለንም።

በሌላው ዓለም መንገዱን ያሳየው ነዋሪው ራሱ የሆነበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ የኮሮናዶ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ባሪዮ ሎጋን የተባለውን የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር ሰንጥቆት አለፈ። ለሰፈሩ ከድልድዩ ሥር መናፈሻ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ነዋሪዎች ቡልዶዘር ሲቆፍር አይተው ምን ሊሠራ እንደሆነ ቢጠይቁ የትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ ተባሉ። ተማሪው፣ እናቱ፣ ሽማግሌው ወጥተው መሬቱን ያዙ፤ 12 ቀን አልለቀቁም። በዶማና በአካፋ ዛፍ ተከሉ። ዛሬ ቦታው ቺካኖ ፓርክ ይባላል፤ ምሰሶዎቹ የሕዝቡን ታሪክ በሚናገሩ ሥዕሎች ተሸፍነዋል፤ አገሪቱም በ2016 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ብላ መዘገበችው። በሆላንድም ኮግ አን ደ ዛን የምትባል ትንሽ ከተማን ለሁለት የከፈለ አውራ ጎዳና ሥር፣ ነዋሪው የሚፈልገው ተጠይቆ ሱፐርማርኬት፣ ዓሣና አበባ መሸጫ፣ የወጣቶች መጫወቻ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓን የሕዝብ ቦታዎች ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ሆላንድ ሀብታም ናት ይባል ይሆናል። ነዋሪን ለመጠየቅ ግን ዶላር አያስፈልግም።

እንግዲህ ብትመርጡን ምን እናደርጋለን? በመጀመሪያ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ድልድይና ማሳለጫ፣ ሥሩ ያለው መሬት ስፋት፣ አስተዳዳሪው መሥሪያ ቤት፣ ለማንም ተከራይቶ ከሆነ የተከራዩ ስምና የኪራዩ መጠን ተመዝግቦ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ለአንድ ቦታ አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት ይሰየማል። ከዚያ አሁን ቦታውን የሚጠቀሙት ሰዎች ይመዘገባሉ፤ ምዝገባው ለማባረር ሳይሆን ቅድሚያ ለመስጠት ነው፤ የጉልቷ፣ የቡናዋና የሊስትሮው ቦታ በቁጥር ተለይቶ በአነስተኛ ክፍያና በደረሰኝ ይሰጣል። ዕቃ ያለ ደረሰኝና ያለ ምስክር መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል።

ሥራው ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። የዝናቡን ውሃ በቧንቧ ወደ ፍሳሽ ማስገባት፣ መሬቱን ማንጠፍ፣ መብራት፣ ውሃ ያለው ሽንት ቤት ከነጠባቂው፣ ለታክሲና ለአውቶቡስ ተሰላፊ አግዳሚ ወንበር፣ ሰፋ ባለው ቦታ ለልጆች መጫወቻ። ለጥገናው ከሕዝብ ማመላለሻ ውጪ ያሉ መኪኖች የሚከፍሉት የማቆሚያ ክፍያና በምሰሶው አካባቢ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ገቢ ይመደባል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ እዚያው ይለጠፋል። ማታ ካርቶን ላይ የሚያድረውን ወገናችንን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ መጠለያ ሳይዘጋጅ፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ በሌሊት በመኪና ጭኖ ከከተማ ማውጣት ይቆማል።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። በባሕር ዳር አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 380 ሜትር ነው፤ ከዳርና ከዳር ሥሩ ያለው መሬት ለማን እንደሚውል ሳይቃጠል በቅጠል አሁኑኑ መጠየቅ ያለበት የባሕር ዳር ነዋሪ ነው። የአዳማም፣ የሐዋሳም፣ የደሴም መራጭ እንደዚሁ።

በምርጫው ሰሞን የየትኛውም ፓርቲ ዕጩ ወደ ሰፈራችሁ ይመጣል፤ የእኛም ይመጣል። ከአዳራሹ አስወጡትና በአቅራቢያችሁ ወዳለው ድልድይ ሥር ውሰዱት። እዚያ ቆሞ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየ፣ ይህ መሬት በእርሱ ዘመን በማን ስም እንደሚመዘገብና ማን እንደሚቀመጥበት በጽሑፍ ይመልስላችሁ።