ሲኦሲ አለህ ወይ?

እናንተዬ፣ እስቲ እንጠያየቅ። መርፌ የሚወጋንን ሰው «የት ተማርክ?» ብንለው አናፍርም። ባለታክሲውን ትራፊክ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ይጠይቀዋል። የምንጠጣውን ውሃና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ለያይቶ የሚዘረጋልንን ልጅ ግን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ታስከፍላለህ?»

«ሙያ በልብ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰውየው አሥራ አምስት ዓመት ቧንቧ ሲገጥም ኖሯል፣ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ጓደኞቼ ይህን ሲሉ ለድሃው የተከራከሩ ይመስላቸዋል። ኧረ ተዉ! በልብ ያለ ሙያ ለከፋዩ አይታየውም። ስለማይታየውም የአሥራ አምስት ዓመቱን ባለሙያና ትናንት መፍቻ የገዛውን እኩል አቁሞ ዋጋ ያጫርታቸዋል። የሚሸነፈው ደግሞ ሁሌም አዋቂው ነው። ሳይፎን የማይዘል፣ መስመሩን በግፊት ሳይፈትን ግድግዳ የማይደፍን ሰው እንዴት ብሎ ይርከስ?

ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። በብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለ ቀን ቧንቧው ውስጥ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ደግሞ በላላች መጋጠሚያ በኩል በውጭ ያለው እድፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ጎረቤት ዲናሞውን በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ቀጥሎ ሲስብማ አይጣል ነው። (ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ የላይኛው ቤት ጥፋት የሚነበበው በእናንተ ኮርኒስ ላይ መሆኑን ለእናንተ አልነግርም።)

የሚገርመው ሐሳቡ ከጠፋ አለመሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ «የት ተማርከው?» አይልም። ኮሌጅም ተማር፣ ከአጎትህ ሥር ሆነህም ልመድ፣ ተመዝነህ ብቁ ከሆንክ የምስክር ወረቀቱ ይገባሃል ነው የሚለው። ሸጋ ነገር! ታዲያ በቀን ሥራ የሚያድረውን ሰው «ነገ ና» የሚሉት ለምንድነው? ነገ ማለት ለእሱ እኮ የአንድ ቀን እራት ነው። እሁድ መዝኑት። ሥራው ቦታ ድረስ ሄዳችሁ መዝኑት። የሚናገረውን ቋንቋ ተናገሩት፤ የምትፈትኑት እጁን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለም።

«ወረቀቱም እኮ ይገዛል» ትሉኝ ይሆናል። መንጃ ፈቃድም ይገዛል ሲባል እንሰማለን፤ እና ትራፊኩ መጠየቁን ያቁም?

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ለንጣፍ ሴራሚክ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ከርመን ከሴራሚኩ ሥር ለሚቀበረው ቧንቧ መቶ ብር ስናስቀንስ እንደ ጀግና እንፎክራለን። ሰሞኑን ቤት የምታሳድሱ ካላችሁ ከዋጋው በፊት ሲኦሲውን ጠይቁት። ካለው የጠየቀውን ክፈሉት፣ አትከራከሩት። ከሌለው አታባርሩት፤ ሥራውን ስጡትና ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት መስመሩን ውሃ ሞልቶ በግፊት ይፈትንላችሁ፣ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ለምዘና የሚሄድባትን ቀንም ከሒሳቡ አትቁረጡበት።