ምስክሯ አይጥ ናት

«ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባላል። በነርቭ ጥገና ምርምር ግን ምስክርነቱን ራሷ አይጧ ይዛዋለች። ከዳሌዋ ወደ እግሯ የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ ይቆረጣል፤ 10 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ በመካከሉ ከኮላጅን፣ ከሐር ወይም ከሚሟሟ ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ይሰፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ አይጧ ትራመዳለች። የምርምር ጽሑፉም «ተስፋ ሰጪ ውጤት» ብሎ ያበቃል። ይህ ተስፋ ሲሰጥ ዐርባ ዓመት አለፈው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ስዊድናዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ዮራን ሉንድቦርግና ባልደረቦቹ የተቆረጠውን የአይጥ ነርቭ ሁለት ጫፎች በባዶ የሲሊኮን ቱቦ አገናኙ። ሴል የለበት፣ መድኃኒት የለበት። ቱቦው ከጫፎቹ በሚወጣ ፈሳሽ ይሞላል፣ በፈሳሹ ውስጥ ደም የሚያረጋው ፕሮቲን፣ የፋይብሪን ክር ይረጋል፣ በክሩ ላይ ነርቭን የሚያለብሱት የሽዋን ሴሎች ይዘልቃሉ፣ የነርቭ ክሮችም እነሱን ተከትለው ይሻገራሉ። 10 ሚሊሜትሩ ተሻገረ፤ 15ቱ አልተሻገረም። ታዲያ ባዶ ቱቦ ያለፈውን ፈተና በግንደ ሴል የታጨቀ ቱቦ ቢያልፈው ምን ይደንቃል? መወዳደር ያለበት ከታካሚው ከራሱ ባት ከሚወሰደው ሱራል ነርቭ ጋር ነው። እሱን የሰጠ ሰው የእግሩ ውጫዊ ጠርዝ ይደነዝዛል። ለረጅም ክፍተት ግን እስከ ዛሬ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ሕያው የሽዋን ሴሎችን ከነመንገዳቸው ይዞ ይመጣልና።

ይህ ግን ትንሹ ቅሬታዬ ነው።

በአማርኛ «ጅማቱ ተበጠሰ» ስንል አጥንትና ጡንቻ የሚያያይዘውንም ነርቩንም አንድ ላይ እንጨፈልቃለን። ቱቦ ሠሪዎቹም ከዚህ ብዙ አልራቁም፤ ነርቭን ጫፍና ጫፉ ከተቀጠለ ያለቀለት ገመድ ያስመስሉታል። ከቁስሉ በታች ያለው ክር እኮ ይሞታል፤ ኦገስተስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ያሳየው ይህንኑ ነው። አዲሱ ክር ድልድዩን ተሻግሮም እስከ ጡንቻው ድረስ እንደገና መብቀል አለበት፤ በሰው ላይ ደግሞ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከሞተር ሳይክል ወድቆ በአንገቱና በትከሻው መካከል ነርቩ የተበጠሰበትን ወጣት አስቡት። እስከ መዳፉ ትንንሽ ጡንቻዎች 60 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 600 ቀን ነው። ነርቭ የተለየው ጡንቻ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ከቆየ በኋላ ቢደረስለትም እምብዛም አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሩን የሚጠሩት የሽዋን ሴሎችም እየደከሙ ይሄዳሉ። ቱቦው እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ የሚመልሰው የ60ውን ሴንቲሜትር ጥቂቱን ነው። አይጧ ዘንድ መንገዱ በሙሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነ ይህ ጭንቀት አይታወቅም።

ጊዜውን ያሰቡ አልጠፉም። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ኦበርሊን እ.ኤ.አ. በ1994 ክርን ማጠፍ ለተሳናቸው ሰዎች በክንድ ከሚወርደው አልናር ነርቭ አንዲት ዘለላ ቀንሶ፣ እዚያው ክንድ ላይ ክርን አጣፊው ጡንቻ አጠገብ ወዳለው ነርቭ መቀጠልን አሳየ። መንገዱን አሳጠረው፤ ቱቦም አልፈለገም። ካናዳ ውስጥ ቴሳ ጎርደንና ባልደረቦቿ የእጅ አንጓቸው ላይ ነርቭ ተጨምቆባቸው ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ፣ ልክ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአንድ ሰዓት በ20 ኸርዝ የተሰጠ የኤሌክትሪክ ንዝረት የክሮቹን መመለስ እንደሚያፋጥን አሳዩ። አንድ ሰዓት! እንደ አዲስ ቁስ ስለማያብረቀርቅ ይሆን ያን ያህል ያልተዘመረለት?

ከእንግዲህ አዲስ ቱቦ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ነርቩ በተቆረጠ በስንተኛው ወር ሰፋኸው? በቤተ ሙከራ ነርቩ በስለት ይቆረጣል፣ በዚያው ሰዓት ይጠገናል። የሰው ነርቭ ግን ተጎትቶ፣ ተጨፍልቆ ይመጣል። ሐኪሙ ነርቩ በራሱ ይመለስ እንደሆነ ለማየት ወራት ይጠብቃል፤ ከገጠር የመጣው ታካሚ ደግሞ ከዚያ በፊት ወጌሻ ዘንድ ሰንብቷል። ያቺ አይጥ አንድም ቀን አልጠበቀችም።