ልጅ መሞከሪያ አይደለም

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ፣ ገና በጽንስ ሳሉ ዘረ መላቸው የተለወጠ መንትያ ሴቶች መወለዳቸውን አስታወቀ። ዓላማው ከኤች.አይ.ቪ. መከላከል መሆኑን ቢገልጽም፣ የሼንዘን ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሕገ ወጥ ሕክምና ጥፋተኛ ብሎ የ3 ዓመት እስራት ፈረደበት።

በዚሁ መንገድ የሕፃናትን አእምሮ ከተፈጥሮው በላይ ማበልጸግ የሚመኙም አሉ። ይሁን እንጂ የማሰብ ችሎታ በአንድ ዘረ መል አይወሰንም፤ እጅግ ብዙ ዘረ መሎች፣ ምግብ፣ ትምህርትና የወላጅ እንክብካቤ ይሳተፉበታል። ሙከራው ቢሳሳት ጉዳቱ የሚወድቀው ፈቃዱ ባልተጠየቀው ሕፃንና በልጅ ልጆቹ ላይ ነው።

የታመመን መፈወስ የተቀደሰ ተግባር ነው፤ ጤነኛውን ለወላጅ ምኞት ሲባል ለሙከራ ማቅረብ ግን ግፍ ነው። ልደትን ስናከብር፣ ሕፃን በጸጋ የሚቀበሉት እንጂ በትእዛዝ የሚያሠሩት አለመሆኑን እናስታውስ።

መልካም የልደት በዓል!