ለተጫዋቹ ወጌሻ፣ ለተሸካሚው ዲክሎፌናክ

ሶዶ ውስጥ "ማሳጅ" የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ሁለት ዓይነት ፊት ታያላችሁ። አንዱ ይሽኮረመማል። ማሳጅ ቤት ሲባል የሚታየው መጋረጃና ደብዛዛ መብራት ነው። ሌላው ይስቃል። ለእሱ ማሳጅ ማለት ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት፣ ነጭ ፎጣና የወር ደመወዝ የሚበላ ሂሳብ ነው። አንዱ ነውር ይለዋል፣ አንዱ ቅንጦት። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የስህተታቸውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያ ሰው ማን ነው? ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔና ከአርባ ምንጭ የሚመጡት መንገዶች ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። መንገድ ባለበት ጭነት አለ፤ ጭነት ባለበት ጫኝና አውራጅ አለ። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከመኪና ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ መጋዘን፤ ሲመሽ ደግሞ ከመጋዘን ወደ ሌላ መኪና። ከዳሞታ ተራራ እንጨት አዝላ የምትወርደውን እናትም እናውቃታለን። በየጓሮው ጎንበስ ብላ እንሰት ስትፍቅ የምትውለውንም እናውቃታለን። ቆጮና ቡላ በልተን ያደግን ሁሉ የዚያች ሴት ወገብ ባለዕዳዎች ነን።

እነዚህ ሰዎች ማታ ሲያማቸው ምን ያደርጋሉ? ብር ያለው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። መድኃኒቱ ሕመም ያስታግሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲዋጥ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ወገቡን ለማስታመም ኩላሊቱን በመያዣነት የሚያስይዝ ሠራተኛ አፍርተናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስታዲየም እንሂድ። ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት የተሰማንን ኩራት አንረሳውም። በዚያ ጨዋታም ሆነ በማንኛውም ሳምንት፣ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ የሚገባው ማን ነው? ወጌሻው ነው። ጡንቻ ያሻል፣ እግር ይዘረጋል፣ ተጫዋቹን ወደ ሜዳ ይመልሳል። ጋዜጠኛው "ወጌሻው ገብቷል" ሲል የሚያፍር የለም። "ቅንጦት ነው" የሚልም የለም። የተጫዋቹ እግር ለክለቡ ገንዘብ መሆኑ ሁላችንም ገብቶናል። የጫኝና አውራጁ ትከሻ ግን የራሱ ብቻ ስለሆነ ማንም ግድ አይሰጠውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ማሸት በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከምክርና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ማሳጅንም አካቷል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ በቅርቡ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት መካከል ሙቀትንና ማሸትን ጠቅሷል። ማጋነን አያስፈልግም። ማስረጃው ገና ጠንካራ አይደለም፣ እፎይታውም አብዛኛውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ቀለል ብሎለት አንድ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ምን እንዳገኘ ጠይቁት።

ደስታውንስ ለመናገር ለምን እንፈራለን? በሰለጠነ እጅ መታሸት ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲጫን፣ ሲገፋና ሲጮህበት የዋለ ሰው ለግማሽ ሰዓት በጥንቃቄና በአክብሮት ሲታሸ ጡንቻው ይላላል፣ ትንፋሹ ይረጋል፣ ሐሳቡም ይሰበሰባል። ድሀ ሲታመም ብቻ የሚታወስ፣ ደስታ የማይገባው ፍጥረት አይደለም።

"ደመወዝ በማይከፈልበት ዞን ስለ ማሳጅ ታወራለህ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወላይታ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ሲጓተት ያየነው ነው። ቁስሉም ገና አልሻረም። ግን ክርክሩ ለእኔ ያግዛል። ገንዘብ በጠፋበት ቦታ ውድ ማሽን የማይፈልግ፣ መብራት ሲጠፋ የማይቆም፣ ሁለት እጅና ሥልጠና ብቻ የሚጠይቅ አገልግሎት መናቅ ምን ይባላል?

መነሻ የሚሆነው ዕውቀትም በመንደራችን አለ። ወጌሻ የሌለበት ቀበሌ ጥሩልኝ። ውለታቸውን ሳንረሳ ጉዳታቸውንም በግልጽ እንናገር። ስብራትን በእንጨት አጥብቆ ማሰር ደም ያቋርጣል፤ እግርና እጃቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሕፃናት አሉ። ስብራት የሆስፒታል ነው። ለዚህ ደግሞ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም አጠገባችን ናቸው። የዛለን ጡንቻ ማሸትና የተሰበረን አጥንት መጠገን የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለወጌሻው ያስተማረው ማን ነው? ሳናስተምር እንወቅሰዋለን፤ ሳንመዘግብ እንታሻለን።

ነውሩም ቢሆን ከእጁ አልመጣም፤ ሙያው ባለቤትና ሕግ በማጣቱ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሳጅ ቤቶች ሲታሸጉ ሰምተናል። ጥፋት ያለበት ይታሸግ! ግን ከማሸግ ቀጥሎ ምን ተሠራ? ታይላንድ ባህላዊ ማሸቷን በትምህርት ቤትና በፈቃድ አስከብራ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት አስመዘገበችው። ደቡብ ኮሪያ የማሳጅ ሙያ ፈቃድን በሕግ ለዓይነ ስውራን ብቻ ሰጠች፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 አጸናው። እዚያ ለዓይነ ስውር ዜጋ የተከበረ እንጀራ የሆነው ሥራ እዚህ የፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ስለዚህ ጥያቄው ለክልሉ ጤና ቢሮና ለዞኑ ጤና መምሪያ ነው። ወጌሻዎችን መዝግቡ፤ የትኛው ሕመም የእነሱ፣ የትኛው የሐኪም እንደሆነ አሠልጥኗቸው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን አጭር የማሸት ሥልጠና ክፈቱ፤ ዓይነ ስውራን ወጣቶችም ቅድሚያ ያግኙ። ለሠለጠነ ፈቃድ ስጡ፣ ቤቱን ተቆጣጠሩ፣ ዋጋውም በአደባባይ ይለጠፍ። የጫኝና አውራጅ ማኅበራትም ለአባላቶቻቸው ወገብ የሚሆን ጥቂት ብር ይመድቡ።

ክለቡ ለ90 ደቂቃ ሩጫ ወጌሻ ይቀጥራል። ከተማዋን በትከሻው ተሸክሞ ለሚውለው ሰው የሚቀጥርለት ማን ነው?